ለልጅ ልጄ የደረደርኳቸው ተክሎች

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጽጌረዳ ማሳደግ ከባድ ነው። ጀሪካኑ ሲሞላ መጀመሪያ ለወጥ ቤት፣ ቀጥሎ ለልብስ፣ ከዚያ ለገላ ይባላል፤ ለአበባ የሚተርፈው እንጥፍጣፊ ነው። ዕድሜ በጉልበታችን ላይ የከበደብን ሰዎች ደግሞ ባልዲ ይዘን ጠዋት ማታ መመላለሱ አይሆንልንም። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ውሃ በቅጠላቸውና በግንዳቸው ወደሚቋጥሩ ተክሎች ያዘነበልኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ችግኝ ሻጮች «ሳኩለንት» ይሏቸዋል። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ዘመዶቻቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። እሬት፣ እንዳሁላ፣ ቁልቋል፣ ቅንጭብና በለስ ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው።

ድርቅን የሚችሉበት ብልሃት የሚገርም ነው። ሌላው ተክል ቀን ቀን በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር ሲያስገባ፣ ውሃው አብሮ ይተናል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ፀሐይ ሳለች ቀዳዳቸውን ዘግተው ይውላሉ። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍቱና የሚፈልጉትን አየር አስገብተው ያስቀምጣሉ፤ ሲነጋ ምግባቸውን ይሠሩበታል። ሳይንቲስቶች የዚህን አሠራር ስም የወሰዱት ክራሱላሴ ከሚባለው የተክል ቤተሰብ ሲሆን፣ እንዳሁላም የዚያው ቤተሰብ አባል ናት።

በሦስተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ በጣሳ፣ በሸክላና በተቆረጠ ጀሪካን የተተከሉ 14 ነበሩኝ። ልጄ ከወሊድ ፈቃድ በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑን ቀን ቀን እኔ ጋ መተው ጀመረች። ልጁ መዳህ በጀመረ ሰሞን አንድ ማታ ስልኳን ዘርግታ መጣች።

«እማዬ፣ እነዚህ አበቦችሽ መርዝ አላቸው ይላል። ሁሉንም ካላወጣሽልኝ ሥራ ቦታ ልቤ አያርፍም» አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትበት ዕድሜ ላይ ነው፤ የእናት ልብ በከንቱ አይፈራም። ይሁን እንጂ ሁሉን ጠርጎ መጣልም መፍትሔ ሆኖ አልታየኝም። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ያለአግባብ ቢወሰድ የማይጎዳ መድኃኒት አላየሁም። ታዲያ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን አይጥለውም፣ ይደረድረዋል። የሚቆለፍበት አለ፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ አለ፣ ከጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥም አለ። ልጄን «አንድ ሳምንት ስጪኝ» አልኳትና ተክሎቼን እንደዚያው በሦስት ከፈልኳቸው። ብዙ አያቶች ከልጅ ልጅ ጋር ስለምንውል አከፋፈሌን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ወገን ሕፃን ካለበት ቤት ጨርሶ የሚወጣው ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሲቆረጥ እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል። ቁልቋልና ቅንጭብ እዚህ ይገባሉ። ሁለቱም ዩፎርቢያ የሚባለው ወገን ናቸው። ብዙ ሰው ቁልቋልን ካክተስ ይለዋል፤ እሾሁ ያመሳስላቸዋል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ካክተሶች የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው፤ በለስም የመጣችው ከሜክሲኮ ነው። ቁልቋል ግን የእኛው ነው፤ ከሳይንሳዊ መጠሪያዎቹ አንዱ እንኳ «አቢሲኒካ» ይላል። አብዛኛው ካክተስ ሲቆረጥ የሚያወጣው ጥርት ያለ ውሃማ ፈሳሽ ስለሆነ ሁለቱን መለየት አይከብድም።

ይህ ወተት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ውሃ ያቋጥራል። ትልቁ ፍርሃቴ ግን ለዐይን ነው። በወሎ ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት አያት ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነውን የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ከብት ሲጠብቅ ቅንጭብ እየሰበረ ሲጫወት ወተቱ ተፈናጥሮ ዐይኑ ገብቷል። መጀመሪያ ትንሽ ስላቆጠቆጠው ብቻ እጁን አሻሽቶበት ዝም አለ። ሲመሽ ሕመሙ በረታ፣ ሌሊቱን ሲጮህ አደረ፣ ጠዋት ዐይኑን መግለጥ አቃተው። አያቱ የሚያውቁትን አድርገው ነበር፤ የጎረቤት አራስ የጡት ወተት አስጨምረውለታል። እኛ በብዙ ውሃ አጠብነው፣ ቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት አደረግንለትና ወደ ሆስፒታል ላክነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በገዛ እግሩ እየሮጠ መጥቶ ዳነልኝ ሲል ያየሁት ደስታ አይረሳኝም። የሁሉም መጨረሻ ግን እንደዚያ አያምርም፤ የዘገየ ሰው ዐይኑ ላይ ጠባሳ ሊቀርበት ይችላል።

ከዚህ ልጅ ሁላችንም የምንማረው የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ሲገባ ቀለል ያለ መስሎ ከሰዓታት በኋላ እንደሚብስ ነው። ስለዚህ «እስኪ እንየው» አይባልም። እንዳይታሽ እጁን ይዛችሁ፣ የዐይኑን ቆብ ገለጥ አድርጋችሁ፣ ንጹሕ ውሃ ከአፍንጫው በኩል ወደ ጆሮው አቅጣጫ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አፍስሱበት። ከዚያ ሕመሙ ቢተወው እንኳ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ቤት ውስጥ የተረፈ የዐይን ጠብታ አትጨምሩ። ቆዳው ላይ ከሆነ ወተቱ በውሃ ብቻ ስለማይለቅ በሳሙና እጠቡት። ከተክሉም ቁራጭ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ሲያውቅ ሥራው ይቀለዋል።

ይህ ወገን ለእኔ ቀላል አልነበረም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከ20 ዓመት በፊት ከናዝሬት ያመጣው ተክል ነበረኝ። ግንዱ ሁሉ እሾህ ነው፣ ጫፉ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀያይ አበቦች ያወጣል። «የእሾህ አክሊል» ይባላል፤ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ከድሮው ግቢያችን ስንነሳ ዕቃ ከጫነው መኪና ላይ ከጭኔ ሳላወርደው ነው እዚህ ያደረስኩት። እሱም ዩፎርቢያ ነው፣ እሱም ወተት አለው። ከፍ ላድርገው ብል፣ የረገፈው አበባና የተሰበረው ቅርንጫፍ ወርዶ ሕፃኑ የሚድህበት ወለል ላይ ያርፋል። ጓንት አጥልቄ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ በካርቶን ሸፍኜ ልጅ በማይገባበት ግቢ ለሚኖረው ለባለቤቴ ወንድም ወስጄ ሰጠሁት። በድንጋይ አጥሩ ጥግ ተክሎልኛል፤ ለሰንበቴ ስሄድ አየዋለሁ።

በለስንም ከቤት ውጪ አድርጉት። ፍሬው ለክረምት ስንቅ ነው፣ ወተትም የለውም፤ ነገር ግን ትልልቁን እሾህ ተጠንቅቀን ስናልፍ እንደ ፀጉር የቀጠነው ይወጋናል። የሕፃን ጣት ላይ ከተሰካ ዐይኑን ወይም ከንፈሩን ሲነካ ያዛምተዋል። ወፍራሙን በወረንጦ ንቀሉት፤ ቀጫጭኑን ፕላስተር ለጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ብትገነጥሉት አብሮ ይወጣል። አዴኒየም የሚባለው፣ ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠና ሮዝ አበባ የሚያወጣው ውብ ተክልም በመንገድ ዳር ሲሸጥ ይታያል። በምሥራቅና በደቡብ ቆላዎቻችን በዱር ይበቅላል። ፈሳሹ የልብን ምት የሚያውክ መርዝ አለው፤ በአፍሪካ አንዳንድ ሕዝቦች የቀስት ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ይህን ካወቃችሁ በኋላ የት እንደሚቀመጥ መንገር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ወገን ከሕፃን እጅ በላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ነው። እዚህ ቀዳሚዋ እሬት ናት። «እንደ እሬት መረረኝ» የምንለው ከላጩ ሥር ስላለው ቢጫ ፈሳሽ ነው። እናቶቻችን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት እሱን ነው። ይህ ቢጫ ፈሳሽ ሆድን አጥብቆ ያስቀምጣል፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሊጠጡት አይገባም። ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ግን ሌላ ነው፤ ለቀላል የቆዳ ቃጠሎ የሚረዳው እሱ ነው። ቅጠሉን ቆርጣችሁ ቢጫው እስኪፈስ ለጥቂት ደቂቃ አቁሙት፤ ከዚያ ላጩን ገፍፋችሁ መሐሉን ተጠቀሙ።

ስለ ቃጠሎ ካነሳሁ አይቀር፣ ከእሬት በፊት ውሃ ይቀድማል። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት። ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና አትለጥፉ። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም ፊቱን፣ እጁን፣ ብልቱን ከነካ፣ ወይም ውሃ ከቋጠረ እሬቱን ትታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እኔ ቤት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ይቀመጣል። ፈረቃችን ቢያልፍም፣ እንግዳ ቢመጣም ማንም አይነካውም። ለዐይንና ለቃጠሎ ነው። ውሃ የማይጠይቁ ተክሎች ማሳደጌ ይህን ጀሪካን ለማቆየት ሳይረዳኝ አልቀረም።

እንዳሁላም ከፍ ትላለች። በየገጠሩ ቅጠሏን በእሳት ለብ አድርገው እብጠት ላይ ያስሩታል። ወገኗ ውስጥ ግን ከብት ሲግጠው ልብን የሚጎዳ መርዝ ያላቸው ስላሉ፣ ለሕፃን ማስቀመስም አጠገቡ ማኖርም አልመክርም። እዚህ ላይ ወተት አለማውጣቷ ደህና ናት ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ወተት ያለውን ማራቅ ሕግ ነው፤ ወተት የሌለውን ግን ስሙን ሳያውቁ ማመን አይገባም።

ሳንሴቬሪያም እዚሁ ነው፤ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ባለ ዥንጉርጉር ቅጠሉ። ቢታኘክ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያመጣል እንጂ ብዙ አይከፋም። ሻጮች «የቤት አየር ያጸዳል» ሲሉ ትሰማላችሁ። ወሬው የመጣው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ነው። ያ ሙከራ ግን የተሠራው አየር በማይወጣበትና በማይገባበት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት የብዙ ሙከራዎችን ውጤት ሰብስቦ ሲያሰላ፣ ተክል የተለመደውን የአየር ዝውውር ያህል እንዲያጸዳ ከተፈለገ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቢያንስ 10 ማሰሮ መደርደር እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ስለዚህ ለውበቱ ግዙት። ከሰል ስታቀጣጥሉ ግን ማንደጃውን በረንዳ ላይ አድርጉ፣ መስኮቱንም ክፈቱ፤ ሕፃኑን ከጭስ የሚያድነው ይህ ነው።

ሦስተኛው ወገን ሕፃኑ ራሱ የሚነካው፣ የኔ ተወዳጅ ነው። ሃዎርቲያ የምትባለው የእሬት የሩቅ ዘመድ፣ ከቡና ሲኒ የማትበልጥ፣ ቅጠሏ ነጫጭ ነጠብጣብ ያላት ናት። ኤቼቬሪያ ደግሞ ከሜክሲኮ የመጣች፣ ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ ተደራርበው የሚዘረጉ ናት። ሁለቱም መርዛማ አይደሉም ከሚባሉት ናቸው። ቢሆንም ጠንካራ ቅጠል ሕፃን ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላልና ብቻውን ከእነሱ ጋር አልተወውም። የማያውቁትን ተክል ልጅ ከዋጠ ጣታችሁን ከትታችሁ አታስመልሱት። የቀረውን ከአፉ አውጡ፣ አፉን እጠቡ፣ ከተክሉ ቁራጭ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

አሁን ወደ አያያዙ ልምጣ። እነዚህን ተክሎች ከሚገድላቸው ነገር ጥማት መጨረሻው ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለእነሱ የተነገረ ይመስላል። ቅጠሉ ሲወፍር ደስ ብሎን እንጨምራለን፤ ሥሩ ከታች ሲበሰብስ አናይም። አፈሩ ውሃ የማይዝ ይሁን። እኔ ግማሽ የጓሮ አፈር፣ ግማሽ ለመንገድ ሥራ የሚደፉትን ቀይ ገረጋንቲ መሰል ሬድ አሽ በወንፊት ነፍቼ እቀላቅላለሁ። ጣሳም ሆነ ጀሪካን ታቹ መበሳት አለበት። ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ አውጡ፤ አፈር ይዞ ከወጣ አታጠጡ፣ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ጠጥቶ እስኪወርድ አጠጡ። በአዲስ አበባ በበጋ በ10 ወይም በ15 ቀን አንዴ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ስለሚያጥለቀልቃቸው ከጣሪያ ሥር አስገቧቸው፤ ቤት ውስጥ ላሉት በወር አንዴ ቢደርሳቸው ነው። ጥላ ውስጥ የኖረውን ባንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አታውጡ። የከተማችን ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይዋ ቅጠል ትጠብሳለች። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አለማምዷቸው።

ማባዛቱ ለልጅ ማስተማሪያ ነው። የኤቼቬሪያን ቅጠል ከሥሩ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ንቀሉ። ወዲያው አትትከሉት፤ ጥላ ላይ አምስት ቀን ያህል ይቀመጥና ቁስሉ ይድረቅ። እርጥብ ቁስል አፈር ሲነካው ይመረቅዛል፤ በሰውም በተክልም ያው ነው። ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ አጋድማችሁ ጠብቁ። ከሳምንታት በኋላ ከቅጠሉ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ ሥር፣ ቀጥሎ ጥፍር የምታክል ችግኝ ይወጣል። ቅጠል መሐል ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። ለመርፌ መውጊያ የምንጠቀምበትን 70 በመቶ አልኮል ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ጥረጉት።

አንድ ነገር አደራ። ከገደልና ከተራራ ላይ እሬት እየነቀላችሁ አታምጡ። በብዛት የሚሸጠው አሎ ቬራ መገኛው የዓረብ ምድር ነው። አገራችን ግን የራሷ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነት አላት፤ ብዙዎቹ ሌላ የትም አይገኙም። ሳይንሳዊ ስማቸውን ከደብረ ሲና፣ ከዓዲግራትና ከሐረርጌዋ ሐርላ የወሰዱ አሉ። ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ስትሄዱም ቁራጭ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ከአሎ ቬራ በቀር ሌላው እሬት፣ እንዲሁም እንደ ቁልቋል ያሉት ዩፎርቢያዎች ሳይቴስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሚጠበቁ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም።

የልጅ ልጄ አሁን ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። «ቀስ» የምትለዋን ቃል የተማረው ሃዎርቲያዋን በአንድ ጣቱ ሲዳስስ ነው። ሌላ ቅጠል ሲያይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መጀመሪያ እኔን ያየኛል። ከሦስቱም መደርደሪያ በላይ የምመካው በዚህ ነው፤ ነገ እኔ በሌለሁበት ግቢ፣ ቅንጭብ በታጠረበት መንገድ ማለፉ አይቀርም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህን ነው።

ባለፈው ወር ልጄ ከሥራ ስትመለስ ከመንገድ ዳር የገዛችውን ትንሽ ማሰሮ ይዛ መጣች። ወደ ውስጥ ሳትገባ በር ላይ ቆማ የአንዷን ቅጠል ጫፍ በሶፍት ይዛ ቆረጥ አደረገችና ጠብታውን በብርሃን አየች። ጥርት ያለ ነው።

«ወተት የለውም፤ ስሙን ግን ሻጩም አያውቀው። የት ላድርገው እማዬ?» አለችኝ።

«ስሙን እስክናውቅ ከላይ» አልኳት።